በእህቴ ስም የመጣው ኢሜይል

ዐረብ አገር፣ ሳብያ ከተማ ባለው ቤታችን የልጄ ኮምፒውተር ጮኸ። እዚሁ አገር ጂዛን ከተማ የምትኖረው እህቴ ዘሃራ «ፎቶሽን ክፈቺው» የሚል ኢሜይል ልካልኛለች። ልከፍተው ስል እናቴ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ ወሎ፣ ሊመሽ ሲል በጎረቤታችን በእትዬ መዲና ድምፅ ከደጅ ተጠራሁ። «አቤት» ልል ስል እናቴ ሽንኩርት በሚሸት መዳፏ አፌን ያዘችኝ።

«ቆዪ! ጅን በሰው ድምፅ ይጣራል። ሰው ከሆነ ይደግማል።»

እትዬ መዲና ደግመው ጠሩና፣ «ዛሬም ጅን አደረጋችሁኝ?» እያሉ ገቡ።

እኔም ኢሜይሉን ሳልከፍት ለዘሃራ ደወልኩ። «ወላሂ አልላክሁም!» አለች።

ልጄ አይታው፣ «እማ፣ ትል የሚሉት ቫይረስ ነው። ፎቶ መስሎ የአክስቴ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ፣ በስሟ ለምታውቃቸው ሁሉ ራሱን እየላከ ነው። ብትከፍቺው ባንቺ ስም ይቀጥል ነበር» አለችኝ።

አልሐምዱሊላህ፤ በእኔ ስም የተጎዳ ዘመድ የለም።