የመስኮቷ ልጅ ጥርስ

ሰፈሩ «አሳማሪው» ይለዋል። ከፎቶ ቤቱ በር በላይ የተጻፈው ስም ሌላ ነው፤ ግን የሚያነበው የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲያነሳ፣ ከዚያም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ብጉር ሲያጠፋ፣ ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት ሲያፈካ፣ የተጣመመ ኮሌታ ሲያቃና ኖሯል። አስተካክልልኝ ብሎ የሚለምነው የለም፤ ሳይለመን ያደርገዋል። ሰው ከእሱ ቤት ሲወጣ ሲገባ ከነበረው ትንሽ አምሮ ይወጣል፤ ምኑ እንደተለወጠ ግን ለይቶ አይናገርም። አሳማሪውም ቢጠየቅ አይናገርም። እጁ ለምዶታል፤ እሱ በዚያ ሰዓት ሬዲዮ ነው የሚያዳምጠው።

አንዲት ልጅ አለችው፣ የአሥራ ሦስት ዓመት። ከአፏ ወሬ ስለማይጠፋ ቤት ውስጥ «ጫጫታ» ትባላለች። ይህች ልጅ ናት እንግዲህ አንድ ሰሞን ዝም ያለችው። ስትጠየቅ በአጭሩ ትመልሳለች፤ ሳቅ ሲመጣባት እጇን አፏ ላይ ጣል ታደርጋለች። እውነቱን እንናገር ካልን፣ አባት መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ዜና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማ። በሳምንቱ ግን ዝምታው ከበደው።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ቆለፈብሽ?»

«ምንም» አለች፣ እጇን ሳታነሳ።

ቀስ አድርጎ እጇን አወረደው። ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ላይ ኖራ የተረጨባቸው የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች አየ። ደነገጠ። እሱ እስከሚያውቀው ድረስ እነዚህ ነጥቦች አልነበሩም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀና ብላ አየችና «ድሮም ያለባት ይመስለኛል» አለች።

«ድሮ የት?» ብሎ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ፎቶዎች አሳያት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ አንዳንድ ፎቶ አንስቷታል፤ በሁሉም ላይ ጥርሷ ነጥብ የሌለበት፣ ጥጥ የመሰለ ነው። ሚስት ፎቶዎቹን አየች፣ ልጇን አየች፣ መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ ሻጠችና «እንግዲያው ዓይኔ ነው የደከመው» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ጎረቤት የጉድጓድ ውኃ ነው አለች። መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ ልጆች የጥርስ ሳሙና ሲውጡ የሚመጣ ነው አለ። ጫማ ሰፊው ወተት ጎድሏት ነው አለ፤ የጫማ ሰፊው ሚስት ደግሞ ወተት በዝቶባት ነው አለች፤ ሁለቱም የሚተኙት አንድ አልጋ ላይ ነው። አባት የአንዱን ሰምቶ ሳይጨርስ የሌላው ይመጣበታል። የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

በመጨረሻ ልጁን ይዞ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ የማትቸኩል ሴት ናት። ጥርሶቹን በአየር አደረቀቻቸው፤ ነጥቦቹ ይብሱን ጎሉ።

«ሲደርቅ እንዲህ ይጎላል፤ አይደንግጡ» አለችው። «ይህ ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ የሚፈጠር ነው። በሕፃንነቷ ከባድ ትኩሳት ይዟት ከነበረ፣ ወይም በውኃም በሳሙናም ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን በዝቶባት ከሆነ። እሱ ከጥርሱ ጋር አብሮ ይወጣል፤ የሷን ያህል ሲሆን መልክ እንጂ በሽታ አይደለም። ሌላው ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ጣፋጭ ይበዛል፣ ጥርስ በደንብ አይጸዳም፣ አፍ ውስጥ አሲድ ይፈጠርና የጥርሱን ማዕድን ይመጠዋል። እሱ የመቦርቦር መጀመሪያ ነው።»

«የሷ የትኛው ነው?»

«ሳየው አብሯት የወጣ ይመስለኛል። ግን እርግጠኛ እንድሆን… የድሮ ፎቶ ይኖራት ይሆን?»

ፎቶ ይኖራት ይሆን ተባለ እንግዲህ፣ ለፎቶ አንሺ! በማግስቱ ሁሉንም በፖስታ አሽጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ይዞ ሄደ። ሐኪሟ ጠረጴዛዋ ላይ በየዓመቱ ደረደረቻቸው። አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አየች።

«እኔም ግራ ገባኝ» አለች። «ባለፈው ዓመት እንኳ ንጹሕ ነው። እንግዲያው አዲስ ነው ማለት ነው።»

ፍሎራይድ ያለው ቅባት ቀባችላት፤ ጣፋጭ ይቅር፣ ጠዋት ማታ ይቦረሽ፣ ከወር በኋላ ተመለሱ አለች።

አባት ቤት ገብቶ መርማሪ ሆነ። የስኳሩ ዕቃ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። የልጅቷ ቦርሳ ተበረበረ፤ ከሥሩ አንድ የከረሜላ ልጣጭ ተገኘ።

«ይሄስ?»

«የጓደኛዬ ነው። እኔ አልበላሁም። ጥርሴ ድሮም እንዲህ ነው አባዬ።»

«ልጄ፣ ሰው ይዋሻል። ፎቶ አይዋሽም» አላት።

ጫጫታ ትኩር ብላ አየችው። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከዚያ ቀን በኋላ «ምንም» ማለቱንም ተወችው።

ወሩ ሞላ። ነጥቦቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ይባስ ብሎ ድዷ ቆስሎ ተገኘ።

«በምንድን ነው የምትቦርሺው?» አለች ሐኪሟ።

«በሎሚና በጨው።»

«ሎሚ እኮ ጥርስሽን ይበላዋል፤ ጨው ደግሞ ይፍቀዋል። ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

ልጅቷ አባቷን አየችው። አባት ልጁ ትዋሻለች እንዳይል ዓይኗ የውሸተኛ ዓይን አይደለም፤ አትዋሽም እንዳይል ፎቶው አለ። ራሱ ዞረበት።

በዚህ ሁኔታ ሱቁ ተቀምጦ ሳለ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ገቡ። በሳምንቱ መጀመሪያ የተነሱትን ፎቶ ወስደው ነበር፤ አሁን መልሰው ይዘውት መጡ።

«ልጄ፣ የተሸረፈችውን ጥርሴን ወዴት አደረስካት?»

«አልነካሁም አባቴ» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው።

«እንግዲያው እሷ ራሷ ናት በቅላ የመጣችው?» አሉ ሽማግሌው። «ይቺን ጥርስ የሸረፍኳት ባለቤቴን በብስክሌት አፈናጥጬ ስወድቅ ነው፤ ገና ሳንጋባ። በሳቅሁ ቁጥር ያንን ቀን ታነሳብኝ ነበር። አሁን እሷ የለችም። ይቺን መልስልኝ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ያልተነካውን ዋናውን ፎቶ ከፈተ። ስባሪዋ ጥርስ ቁጭ ብላለች። መቼ እንደሞላት ፈጽሞ ትዝ አይለውም። ይቅርታ ጠይቆ፣ ዋናውን አትሞ፣ ሽማግሌውን እስከ በር ሸኛቸው። ሲመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

የልጁን ፎቶዎች የሚያስቀምጥበትን ማኅደር ከፈተ። ዋናዎቹን አንድ በአንድ አየ። አሥራ ሁለት ዓመቷ፤ ነጥቦቹ አሉ። አሥር፤ አሉ። ስምንት፤ አሉ። በሰባት ዓመቷ አንደኛው ጥርሷ ገና ለግማሽ ነው የወጣው፤ ነጥቡን ይዞ ነው የወጣው። ያኔ ትዝ አለው፦ ሁለት ዓመቷ ላይ ሳምንት ሙሉ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ተኝታለች፤ እሱ ነበር ያስታመማት። በስንቱ ዓመት፣ በስንቱ ፎቶ፣ እጁ ነጥቦቹን እየጠረገ ግድግዳ ላይ ሰቀላቸው፤ ዓይኑም ከልጁ ይልቅ ግድግዳውን አመነ።

ቀና ሲል መስኮቱ ላይ ያለው ትልቁ ፎቶ ጀርባው ታየው። ባለፈው ዓመት ደንበኛ ይስብልኛል ብሎ የሰቀለው ነው፤ ጫጫታ ጥርሷን ገልጣ ስትስቅ። ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያ መስኮት ሥር ነው። የሎሚው ነገር ያን ጊዜ ገባው።

ሱቁን ያለ ሰዓቱ ዘግቶ ቤቱ ሄደ። ልጁ የቤት ሥራ ላይ ነበረች። ዋናዎቹን ፎቶዎች ፊቷ ደረደረላት።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ» አላት። «ሳላውቀው ነው። እጄ ነው… አይ፣ እኔ ነኝ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ» አለች።

አጠገቧ ተቀመጠ።

«እያወቅህ የምታጠፋው መስሎኝ ነበር» አለች ቀጥላ። «የምታፍርብኝ። ክፍል ውስጥ ደግሞ መስኮቱ ላይ ያለችው አንቺ አይደለሽም ይሉኛል። እኔም እሷን ለመሆን ነው የፈተግሁት።»

አባት አለቀሰ። እናት ከስፌት ማሽኗ ተነስታ መጣች፣ ፎቶዎቹን አየች፣ «ዓይኔ ደህና ነበር ለካ» አለችና ልጇን አቀፈቻት።

ሐኪሟ ዋናዎቹን ስታይ «ሐኪም አሳቱ እኮ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ለጫጫታ አስረዳቻት። ሎሚው ዛሬውኑ ይቅር፣ ድዱ ይዳን። ነጥቦቹ አይጎዷትም፤ እንዳሉ ቢቀሩም ይችላሉ። ካስጠሏት ላዩን በስሱ ማለስለስ ወይም የጥርሱን መልክ የሚመልስ ፈሳሽ ማስረግ ይቻላል፤ አያምም፣ አያስቸኩልም።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባት ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«እንዴት ይሁንልሽ ታዲያ? ይጥፋ ወይስ ይቅር? አንቺ ያልሽው ይሆናል።»

ጫጫታ መስኮቱን አየች።

«እሱን አስብበታለሁ» አለች። «መጀመሪያ ያቺን ልጅ አውርድልኝ።»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሩን ከፈተ፤ ወንበር አስጠግቶ ወጣና አወረዳት።