የዳኛዋ ባል

ላምበረት አካባቢ ያለው የእድራችን ዳኛ አማቴ ነበሩ። ለብዙ ዓመት ስለመሩት ሰፈሩ ሚስታቸውን «እቴጌ» ማለት ለመደ፤ መጀመሪያ በቀልድ፣ በኋላ በቁም ነገር። እሳቸውም «አቤት» ይላሉ።

አማቴ ሲሞቱ በደንቡ መሠረት ሌላ ዳኛ በድምፅ መመረጥ ነበረበት። ሽማግሌዎቹ ግን የለቅሶው ድንኳን ሳይነቀል ስለ አልጋ ወራሽ ማውራት ጀመሩ። ቤቱ ያለው ሁለት ልጅ ነው፤ ታላቋ ባለቤቴ፣ ታናሹ ቦሌ ቢሮ የሚሠራው ወንድሟ።

«ወንድ እያለ ሴት አትወርስም» አሉ አንዱ።

«እሱ ድሮ ቀረ» አሉ ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር። «እንግሊዞቹ እንኳ ሕጉን ቀይረውታል። ሴትም ሆነች ወንድ፣ በኩር ነው የሚወርሰው።»

ወንድምየው ሲጠየቅ «እሑድ ጂም አለብኝ» ብሎ ዙፋኑን ለቀቀ። ባለቤቴ በጭብጨባ ዳኛ ሆነች።

ችግሩ እኔ ሆንኩ። በመጀመሪያው ስብሰባ ወንበር ስቤ ከጎኗ ልቀመጥ ስል ጸሐፊው ያዘኝ።

«አንተ ምን ተብለህ ነው እዚህ የምትቀመጠው?»

«ባሏ ነኛ።»

«እሱንማ እናውቃለን።»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የንጉሥ ሚስት ንግሥት ትባላለች። የንግሥት ባል ግን ንጉሥ አይባልም፤ ከተባለ ከሷ ሊበልጥ ነው። በኛም አገር ንግሥቲቱ ስትነግሥ ባሏን ራቅ ያለ ግዛት ሾመው ከአጠገቧ አርቀውታል።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም። ባለቤቴ አጀንዳዋን ታነባለች።

ሾላ ገበያ አጠገብ እድሩ የድንኳንና የድስት መጋዘን አለው። በአንድ ድምፅ እዚያ ተሾምኩ።

ማታ ቤት ገብተን «በሰው ፊት እንዲህ ታደርጊኛለሽ?» አልኳት።

«ዳኛ አያዳላም» አለችኝ። «ራትህን ብላ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ከድስቶቹ ጋር እውላለሁ። መጀመሪያ አፈርኩ። ግን የጸሐፊውን ፊርማ ይዘው ወንበር ሊወስዱ የሚመጡ ሰዎች «ሹሙ እርስዎ ነዎት?» ሲሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቴን መንፋት ጀመርኩ።

ባለፈው ወር ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ባለቤቴ ራሷ ድንኳን ልትወስድ መጣች።

«የጸሐፊው ፊርማ የታለ?» አልኳት።

«ዳኛዋ እኮ እኔ ነኝ።»

«ሹም አያዳላም።»

ትንሽ አየችኝና ስልኳን አውጥታ ጸሐፊውን ጠራችው። እስኪመጣ የተገለበጠ ብረት ድስት ላይ ተቀምጠን ቆሎ ቆረጠምን።