በነዳጅ ፍለጋው መስመር ላይ የሙቀጫ ድምፅ

በ2015 ዓ.ም. በጋ፣ ከአቦቦ ወዲያ ባለው ሜዳ ነዳጅና ጋዝ ይኖር እንደሆነ ለሚያጠና ቡድን እሠራ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁለቱን ሴት ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ሥራ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላጎደለብንም።

ከባድ መኪና መሬቱን ያንቀጠቅጣል። ንዝረቱ ወርዶ ከታች ካለው የደለል ድንጋይ ነጥሮ ሲመለስ፣ እኛ የቀን ሠራተኛ ሴቶች በመስመር መሬት ላይ የተከልናቸው መስሚያዎች ይቀበሉታል። ድንጋዩ እንዴት እንደተነባበረ፣ ነዳጅ የሚጠራቀምበት ቦታ ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው ከዚያ ነው። ረፋድ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ንዝረቱ የሚቀዳው ጎህ ሲቀድ ነበር።

በአንድ የአኙዋ መንደር አጠገብ ሦስት ጠዋት ቀድተን ሦስቱም ተበላሹ።

«መስሚያዎቹ ላልተው ነው የተተከሉት» አለ ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ። «ካልተስተካከለ ሌላ ሠራተኛ አመጣለሁ።»

በተረከዜ ረግጬ እንዳጠበቅኋቸው አውቃለሁ። የተቀዳውን እንዲያሳየኝ ለመንሁት። ስክሪኑ ላይ ትናንሽ ጭረቶች እኩል እኩል ተራርቀው ተሰልፈዋል፤ አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ለስለስ ብሎ።

«ይሄ ሙቀጫ ነው» አልሁት። «ሁለት ሴቶች እየተቀባበሉ ሲወቅጡ።»

«እናቴ፣ ሙቀጫ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ሳቀ።

ድምፁን በየጠዋቱ እሰማው ነበር። ከልጅነቴ ስለለመድሁት ግን ጭረቶቹን እስካይ ድረስ አላሰብሁትም። ምቱ በመሬት በኩል መስሚያዎቹ ጋ እንደሚደርስ ነገርሁት።

«እንግዲያው አስቁሚያቸው» አለኝ። «አንድ ጠዋት ሰጥቼሻለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ወደ መንደሩ ሄድሁ። ወላጆቼ ከደጋ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እኔ ግን ከአኙዋ ልጆች ጋር ስላደግሁ ቋንቋቸውን እችላለሁ። ነገ ጠዋት እንዳይወቅጡ ለመንኋቸው።

«ልጆቻችን ምን ይብሉ?» አሉ አንዲት አሮጊት። «ያንቺን ነዳጅ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«የነገውን ዛሬ እንውቀጠው፤ እኔም አግዛለሁ።»

«ያደረ ዱቄት ይጣፍጣል?»

«አይጣፍጥም፣ እናቴ። ግን አንድ ቀን ነው።»

ትክ ብለው አዩኝና ዘነዘናውን ሰጡኝ። «ክንድሽን እንየው።»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ በቆሎ ወቀጥሁ። የሚቀባበሉኝ እሳቸው ነበሩ፤ ስዘገይ «ነዳጅሽ አለቀ?» ይሉኛል። መዳፌ ተላጠ። በየምቱ «አቤቱ፣ እርዳኝ» እያልሁ ጨረስሁት።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ጸለይሁ። መስሚያዎቹን አንድ በአንድ ተክዬ ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ። መንደሩ ዝም አለ። መኪናው መሬቱን አናወጠ። መሐንዲሱ ከመቅጃው መኪና ወጥቶ «የዛሬው ጠርቷል» ሲለኝ፣ የመስሚያዎቹን ገመድ ጠቅልዬ በትከሻዬ አነገብሁና ወደሚቀጥለው መትከያ ሄድሁ።