አማቴ ዚክር የመሰላቸው ቆጠራ

ይህን በአደባባይ ተናግሬ አላውቅም፤ ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሳስል ሽንት ያመልጠኝ ጀመር። አልጋ ላይም ባለቤቴ ሲጠጋኝ እንዳያመልጠኝ እየፈራሁ ልጁን በመሀላችን አስተኛ ነበር። ጨንቆኝ ከሚሴ ያለች አንዲት አዋላጅ አማከርኩ። ሽንቱን እንደሚይዝ ሰው ከታች ያለውን ጡንቻ አጥብቄ፣ አምስት ቆጥሬ እንድለቅ፣ ይህንኑም አሥር ጊዜ እንድደጋግም አስተማረችኝ።

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ መደብ ላይ ተቀምጬ፣ ዐይኔን ጨፍኜ በጣቶቼ እቆጥራለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ለውጡ ታወቀኝ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ግን የአላህን ስም እየቆጠርኩ ዚክር ላይ ያለሁ መስሏቸው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። እኔም እውነቱን መናገር አፈርኩ።

አንድ ቀን ጎረቤታችንን ዘሃራን ይዘዋት መጡ።

«አብሽሪ፣ ይቺ ዱዓ ታድርግልሽ፤ የሷ ይሰማል» ብለዋት ወጡ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «ከወለድኩ ወዲህ ስስቅ ያመልጠኛል። ባሌ ሲጠጋኝ እሸሻለሁ። ወላሂ፣ ሌላ ሊያገባብኝ ነው።»

ለዱዓ ያነሳሁት እጄ ወረደ።

«ዘሃራዬ፣ እኔ እኮ ዚክር ላይ አልነበርኩም» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ አብረን ጀመርን።

«ትንፋሽሽን አትያዢ። አጥብቂ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ልቀቂ።»

ከበሩ ኋላ የአማቴ ድምፅ መጣ።

«ኧረ ቀስ በይ! እኔ ገና ሦስት ላይ ነኝ።»