ዘጠኝ ቁጥር ብርድ ልብስ

እትዬን የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ በሙሉ «እሱ ያውቃል» እያለ ነበር የሚጠራቸው፤ ከኋላቸው ማለቴ ነው፣ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ። ውሃ ቢጠፋ እሱ ያውቃል። ደመወዝ ቢዘገይ እሱ ያውቃል። ትልቁ ማሽን ተንገጫግጮ ቀጥ ሲል ሁላችንም እንራገማለን፤ እሳቸው ግን እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው «እሱ ያውቃል» ይላሉ። እኔ ደግሞ ምላሴን መያዝ አልችልምና «እትዬ፣ ማሽኑን የሚያውቀው መካኒኩ ነው፤ እሱም ዛሬ ቀርቷል» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ደስ የሚል ሳቅ ነበራቸው።

አንዳንዴ ግን ያበሽቁኝ ነበር፤ ታሪካቸውን አውቃለሁና። በአንድ ዓመት ሁለት ልጅ ቀብረዋል። ባላቸው ደህና ቁርሱን በልቶ እንደወጣ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ የበሽተኛ አንሶላ ሲያጥቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በረኪናው የጣታቸውን ቆዳ ልጦ ልጦ ጨርሶታል። እንዲህ ያደረጋቸውን ጌታ በየጠዋቱ ሲያመሰግኑ ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ በእሳቸው ፈንታ እኔ እናደድ ነበር።

የቀራቸው አንድ ልጅ ነው። ቀለም ቀቢ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት። ሕንፃ ሲቀባ መወጣጫው ከድቶት ወደቀና አከርካሪው ተሰብሮ እኛው ሆስፒታል ገባ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ አልጋ ቁጥር ዘጠኝ። እትዬ እንዲያዩት የሚፈቀድላቸው በምሳ ሰዓት ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ ወሬውን የሚነግራቸው አንሶላው ነው። በየጠዋቱ ጥቅሉ ሲወርድ የዘጠኝን ለይተው አውጥተው ያገላብጡታል። ላብ ብቻ ከሆነ «ዛሬ ተሽሎታል» ይላሉ። ደም ካለበት ማሽን ሳያስነኩ በእጃቸው ያጥቡታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁልኝ። አንሶላ በየቀኑ ይወርዳል፤ ብርድ ልብስ ግን በሽተኛው አልጋውን ካልለቀቀ አይወርድም። አልጋ የሚለቀቀው ደግሞ ወይ በእግር ነው፣ ወይ በቃሬዛ።

ልጁ በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ጥቅል ፈቺዋ እኔ ነበርኩ። እትዬ ከጀርባዬ ገንዳው ላይ አጎንብሰዋል። የሦስተኛ ፎቅን ጆንያ ስፈታ ግራጫ ብርድ ልብስ ወጣ። ጥጉ ላይ በቀይ ክር የተሰፋውን ቁጥር አየሁት። ዘጠኝ ነው። ያ ልጅ በእግሩ ሊወጣ አይችልም።

ሐኪም ሳይወርድ፣ ነርስ ሳትመጣ፣ ጨርቁ ቀድሞ ደረሰ። እኔስ ምን አደረግኩ? ጠቅልዬ ከቆሸሸው ፎጣ ክምር ሥር ወሸቅኩት።

«የሦስተኛ ፎቅ ወረደ እንዴ?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ገና ነው፣ እትዬ።»

«ምነው ዛሬ ዘገየ? እሱ ያውቃል።»

ከዚያ እንደ ልማዳቸው እያሹ መጸለይ ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ግን አጠገባቸው ለቆመ ሰው ሁሉም ይሰማል። «ጌታዬ፣ እግሩን ባትመልስለትም ግድ የለም፣ እኔ አዝለዋለሁ። ያኔም ያዘልኩት እኔ ነኝ። ብቻ ትንፋሹን ተውልኝ። ምሳ ሰዓት ስገባ ዓይኑን ገልጦ ይየኝ።» አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሲሉ እኔ ፎጣ እለያለሁ። ላይ ያለውንም ወቀስኩት። የሞተ ልጅ እያስለመናቸው እንዴት አያስቆማቸውም አልኩ።

ሳሙና ላመጣ ዞር ባልኩበት እትዬ ፎጣውን ወደ ማሽኑ ሊከቱ ክምሩን አነሱት። ስመለስ ብርድ ልብሱን ይዘው ቆመዋል። ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል። አልጮሁም። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አሉ፤ ከዚያ ከሆዳቸው የወጣው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም። ማሽኑን አጠፋሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ፊታቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ «እሱን ስለምነው ትሰሚኝ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። በጥፊ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ብርድ ልብሱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

«እሱም ዝም አለኝ» አሉ። «እንዳንቺው እያወቀ ዝም አለኝ። ተቀይሜዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን ተቀይሜው ወዴት እሄዳለሁ? ሌላ የማንኳኳው በር የለኝም። አንቺ ዝም ያልሽው ስላዘንሽልኝ ነው፤ አይደል ልጄ? እሱም እንደዚያው ይሆናል። ይህችን ካልያዝኩ አብዳለሁ።»

በተላጠ እጃቸው እጄን ያዙኝና መልሴን እየጠበቁ ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ።

«አዎ» አልኳቸው። «ስላዘንኩ ነው።»

ውሸቴን ነበር። ዝም ያልኩት መርዶውን ከእኔ አፍ እንዳይሰሙት ፈርቼ ነው። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።