ከሎሚው ሥር ያለው አልጋ

እናቴ በየማለዳው ባልዲ እየተሸከመች ሎሚውንና ፓፓያውን ማጠጣቷ እንዲቀርላት ብዬ፣ የግቢውን የውሃ መርጫዎች በሰዓታቸው የሚከፍትና የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ከከተማችን የታይዋን ገበያ ገዛሁ። ሻጩ "ከስልክሽ ትቆጣጠሪዋለሽ" ብሎኝ ነበር። ስገጥመው ግማሽ ቀን ሙሉ ተነጫነጭኩበት፤ በመጨረሻ እሺ ሲለኝ፣ ፀሐይ ውሃውን ሳትጠጣው ጎህ ሲቀድ እንዲረጭ አደረግኩት።

የረሳሁት ድሬ መሆናችንን ነው። እዚህ ሙቀት ሲጀምር ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። እናቴም ማታውኑ አልጋዋን አውጥታ ከሎሚው ሥር ተኝታለች።

ንጋት ላይ እሪታዋ ቀሰቀሰኝና ከተኛሁበት በረንዳ ሮጬ ወረድኩ። አንሶላዋ ርሶ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተጣብቆ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ውሃው ዞር ይልና ተመልሶ ያገኛታል። ሻጩን እየረገምኩ ስልኬን ስነካካ፣

"ተይው" አለችኝ።

"እማዬ፣ በሰበስሽ እኮ።"

"ተይው አልኩሽ። ይሄን ሁሉ ዘመን አጠጪዋ እኔ ነበርኩ። እስቲ ዛሬ እኔን ያጠጣኝ።"

እኛ ልጆቿ ያደግነው በዚያ ባልዲ ባቆየችልን ጥላ ሥር ነው። ስልኬን መልሼ በረንዳው ላይ አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።