የድንቅቱ ዓሦችና ወደ ኋላ የተመለሰው ውሃ

ድንቅቱ የእጃጂ ከተማ ልጅ ናት። አምቦ ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት፣ ቁስል አጣቢ ሆና ተቀጥራ፣ የሬዲዮ ጠጋኙን ጂራን አግብታ ትኖር ነበር። በ1975 ዓ.ም. ለክትባት ሥራ ጉደር ወርዳ ሳለ፣ ወንዝ ዳር አንድ ገበሬ በባልዲ ጣት ጣት የሚያህሉ ዓሦች ይዞ አየች። ሥራዋን እስክትረሳ አጎንብሳ አየቻቸው። ስድስቱን ለምና በጀሪካን ይዛ ቤቷ ገባች።

ጂራ ጀሪካኑ ውስጥ አጮልቆ፣ «ለወጥ አይበቁም» አላት።

«ማን ይበላቸዋል? ቤት ሥራላቸው።»

ሚስቱ ለራሷ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃው አታውቅም፤ ደስ አለው። መስታወት ቆራጩ ጉግሳ በብረት ፍሬም ላይ መስታወት በስቱኮ አጣብቆ ገንዳ ሠራላቸው። ገንዳው ጠረጴዛ ላይ፣ ጠጠርና ከሰል ያለበት ባልዲ ከሥር ተቀመጠ። ሞልቶ የተረፈው ውሃ ከገንዳው አፍ በቱቦ ወደ ባልዲው ይወርዳል፤ ጂራ ከተጣለ ማሽን የፈታት ትንሽ ፓምፕ ደግሞ የተጣራውን በላስቲክ ቱቦ መልሳ ትገፋለች። የጎረቤት ሰው ሁሉ መጥቶ አየ።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ፣ ባልና ሚስቱ ከጸሎት ሲመለሱ፣ ከታች ያለውን ክፍል የተከራዩት በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ እንቁ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በር ላይ ቆመው አገኟቸው።

«አዴ ድንቅቱ፣ ጉደር ወንዝ ወደ እናንተ ቤት ተዛወረ እንዴ? በርበሬዬ እኮ ዋና ለመደ።»

መብራት ጠፍቶ ነበር። ወለሉ ውሃ ተኝቶበታል፣ የፓምፑ ገመድም ውሃው ውስጥ ነው። ድንቅቱ ወደ ዓሦቿ ልትሮጥ ስትል ጂራ ክንዷን ያዘ። «መብራቱ ድንገት ቢመጣ ይነዝርሻል። መጀመሪያ ቆጣሪውን ላጥፋ።» አጥፍቶ ሲመለስ ገቡ። ገንዳው ውስጥ የቀረው ውሃ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ስድስቱም ግን ጥጉ ላይ ተጠጋግተው በሕይወት አሉ።

ጂራ ፓምፑን ፈታትቶ ቢያይ ምንም አልሆነም። ግራ ገባው። ድንቅቱ ጫፉ ገንዳው ሥር ድረስ የጠለቀውን ላስቲክ ቱቦ በጣቷ እየተከተለች እስከ ባልዲው ወረደች።

«መርዝ የጠጣ ሰው ሆድ ስናጥብ» አለች፣ «ውሃውን የምናስገባበትን ቱቦ ዝቅ ስናደርገው ያው ውሃ በዚያው ተመልሶ ይመጣል። የሚገፋው አያስፈልግም። ፓምፑ ሲቆም የገንዳው ውሃ በመጣበት ቱቦ ወደ ባልዲው ተገልብጦ፣ ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አየር ከገባበት ይቆማል።»

መርፌ በእሳት አግላ፣ ቱቦውን ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ አድርጋ በሳችው። ጂራ በበኩሉ ባልዲውን በሰፊ በርሜል ተካ፤ ተመላሹ ውሃ ቦታ እንዲኖረው ከግማሽ በላይ አልሞላውም። ገመዱንም ከሶኬቱ ዝቅ አድርጎ እንደ ጅዋጅዌ አንጠለጠለው፤ የሚንጠባጠብ ውሃ ቢኖር መሬት ይወርዳል እንጂ ሶኬቱ ጋ አይደርስም።

መብራት እስኪጠፋ አልጠበቁም። ድንቅቱ እትዬ እንቁን ጠራችና ዓይናቸው እያየ ሶኬቱን ነቀለች። ውሃው በቱቦው ወደ በርሜሉ መውረድ ጀመረ። እትዬ እንቁ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። ገንዳው ሁለት ጣት ያህል ጎደለ፤ ቀዳዳዋ ብቅ አለች፣ አየር እየሳበች ፉት ፉት አለች፤ ውሃውም ቀጥ አለ።

«በቃ?» አሉ እትዬ እንቁ።

«በቃ።»

«እስቲ ድገሚው።»

አራት ጊዜ አስደገሟት። በአራተኛው ሦስቱም እየሳቁ ነበር። ድንቅቱ ርጥቡን በርበሬ አብራቸው ስታሰጣ ዋለች።

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ድንቅቱ ሥራ ቦታዋ ሆና ሐሳብ አይገባትም ነበር። በየቅዳሜው ሶኬቱን ነቅላ ቀዳዳዋን ከሚደፍናት አረንጓዴ አልጌ ታጸዳለች፤ ሳይነቀል እጇን ውሃ ውስጥ አትሰድም። በ1979 ዓ.ም. ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ስትዛወር ዓሦቹ ሃያ ሦስት ደርሰው ነበር። እትዬ እንቁ ዘጠኙን አስቀሩ፤ ጉግሳንም ጠርተው ከእሷ ገንዳ አንድ ክንድ የሚበልጥ አዘዙ።